ከጀርባ የሚያልፈው ሰው

እሑድ ከሰዓት ዱባይ፣ ቡርጅ ካሊፋ ሥር የዓለም ሕዝብ ይተራመሳል። ልጅቷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ በዕረፍት ቀኗ ለእናቷ የምትልከው ፎቶ ፈልጋ መጥታለች። «ወንድምዬ፣ ሕንፃው እስከ ጫፉ ይግባልኝ» አለችኝ። 828 ሜትር ነው። ሰፊ ሌንስ ገጥሜ መሬት ላይ ስተኛ ይገባል። ያስቸገረኝ ከኋላዋ የሚተላለፈው ሰው ነው።

ፒያሳ ሥራ ስጀምር አላፊ አግዳሚው የፎቶዬ ቅመም ነበር፤ ሎተሪ አዟሪው፣ ሊስትሮው፣ ነጠላዋን የምታስተካክል እናት። ኤምሬትስ ውስጥ ግን ሰውን አደባባይ ላይም ቢሆን ያለ ፈቃዱ ማንሳት ሊያስከስስ ይችላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ ቅጣት ቢያንስ 6 ወር እስራት፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም፣ አለዚያም ሁለቱም ነው። ስለዚህ ዓይኔ ከባለፎቶዋ በፊት ጀርባዋን ይፈትሻል። ከታች ወደ ላይ ሳነሳ የሰዉ ጭንቅላት ከፎቶው ውጭ ይሆናል፤ ሕንፃውና ሰማዩ ይቀራሉ። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ቀዳዳውን ከፍቼ ሕዝቡን ማደብዘዝም ይቻላል፤ ያኔ ግን ሕንፃውም አብሮ ይደበዝዛል። አንዷ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ፎቶ አይታ «ይኼማ ቦሌም ይነሳል» ብላኛለች።

ክልከላ ሁሉ አንድ አይደለም። የኤፍል ማማ የሌሊት መብራት የቅጂ መብት አለበት፤ ለራስ ማንሳት ይቻላል፣ ለንግድ ማዋል ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የገንዘብ ነገር ነውና እንቅልፍ አይነሳኝም። የጃፓኗ ኪዮቶ የጊዮን ሰፈር ክልከላ ግን ይለያል። ጌይሻ የሚባሉትን ባህላዊ አዝናኞች ወደ ሥራ ሲሄዱ ቱሪስት እየተከተለ ቢያስቸግራቸው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በግል መተላለፊያዎቹ ላይ ፎቶ ማንሳት ተከለከለ፤ መቀጮው 10,000 የን ነው።

ሰው ያለ ፈቃዱ ሲነሳ የሚደርስበትን ለመረዳት ኪዮቶ መሄድ አላስፈለገኝም። አንዲት ደንበኛዬ ከምትሠራበት ቤት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ የማታውቀው ሰው ቀርጿት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ለቤተሰቧ ሱቅ እንደምትሠራ ነበር የነገረቻቸው። ቪዲዮው ከእሷ ቀድሞ ደሴ ገባ። የኤምሬትስ ሕግ እኔን ለማስፈራራት ብቻ የወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለእሷም እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እሷ ግን ሕጉ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

ከመሬት ተነስቼ አቧራዬን አራግፌ ፎቶውን ለልጅቷ አሳየኋት። በሁለት ጣቷ አጎላችው። ፊቷን አየች፣ የሕንፃውን ጫፍ አየች፣ ጥጉ ላይ ፌስታል የያዘ እጅ አገኘች።

«ይኼ የማነው?»

«አላፊ ነው።»

«ቁረጥልኝ በናትህ፤ የሰው ነው።»