የሳንባ በሽታዎች አፈታት፦ ስለ «መጥበብ»፣ ስለ «ብግነት»ና ስለ «ምች»

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው አብዝቶ የሚጨነቀው ለበሽታው ስም ነው፤ ስሙ ከተገኘ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በሳንባ በሽታዎች ረገድ ግን ችግሩ ከስሙ ይልቅ የበሽታውን መንሥኤና አካሄድ በሚገልጹት ቃላት ላይ ይገኛል።

«አስም» የሚለውን እንውሰድ። ቃሉ ከግሪክ የመነጨ፣ በአነባበቡም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛው የሚቀርብ ሲሆን በሕዝቡ አፍ ስለ ጸና ሌላ ስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚያከራክረው ፍቺው ነው። አስም ዘወትር «የአየር ቧንቧ መጥበብ» ተብሎ ይፈታል። ይህ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። አስም ባለበት ሰው የቧንቧዎቹ ውስጣዊ ሽፋን ለረጅም ጊዜ እንደ ተቆጣ ይኖራል፤ አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝ፣ ቀዝቃዛ አየር ወይም ጉንፋን ሲያገኘው የባሰ ያብጣል፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። መጥበብ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳልም። መቆጣቱ ግን ትንፋሽ ደኅና በሆነበት ቀንም አለ።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል መድኃኒቶቹን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ለአገልግሎት የበቃው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ ሕመምተኛው እፎይታውን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ በትንፋሽ የሚሳበው ቤክሎሜታዞን ግን የሚያበርደው መቆጣቱን ስለሆነ ሥራው ዝግተኛ ነው፤ ደኅና በሆኑበት ቀን ሳይቀር ዘወትር መወሰድ አለበት። በሽታህ «መጥበብ» ነው የተባለ ሰው ትንፋሹ በቀናለት ቀን ይህን መድኃኒት ቢተው፣ በተሰጠው ፍቺ መሠረት አልተሳሳተም። የተሳሳተው ተርጓሚው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁኔታ ምን እንበለው? «እብጠት» ከምልክቶቹ አንዱን ብቻ ይይዛል። «ብግነት» ከ«በገነ» የወጣ ነው፤ በገነ ማለት ተቃጠለ፣ በንዴት ነደደ ማለት ሲሆን የላቲኑም ቃል መነሻው እሳት በመሆኑ ሁለቱ በመልካም ይገናኛሉ። ጉዳቱ፣ ከሙያው ውጭ ያለ አንባቢ «ብግነት» ሲባል ምንም አይታየው ይሆናል። «ቁስሉ ተቆጣ» ቢባል ግን የማይገባው የለም። ታዲያ «መቆጣት»ን ለምን ስያሜ አናደርገውም? ቃሉ በ«የሰውነት መቆጣት» መልክ ለአለርጂም እየዋለ ነውና። አለርጂ ደግሞ ከአስም ቀስቃሾች ዋነኛው ስለሆነ ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር መገናኘታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ «መቆጣት መቆጣትን ያስከትላል» ወደሚል ከንቱ አነጋገር እንደርሳለን። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ስያሜው «ብግነት»፣ ማብራሪያ ግሡ «ተቆጣ» ቢሆን፣ «አለርጂ»ም እንደ አስም ሁሉ በውሰት ቢቀመጥ ይሻላል። ውሰት የማይወዱ ወገኖች ቅር ቢላቸውም ከመደናገር ውሰት ይመረጣል።

«የሳንባ ምች» ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለበት፤ ቃሉ ከመጠን በላይ ይናገራል። በልማድ ምች ከፀሐይ፣ ከላብ ወይም ከሽታ የሚመጣ፣ በዳማከሴ የሚታሽ ሕመም ነው። በዚህ ስም የምንጠራው የሳንባ በሽታ ግን ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ፣ አንዳንዴም ፈንገስ የአየር ከረጢቶቹን በመግልና በፈሳሽ ሲሞላቸው የሚከሠት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች ግንባር ቀደም ሆኖ ሳለ፣ እናቲቱን ከጤና ጣቢያው ይልቅ ወደ ጓሮዋ ዳማከሴ የሚመራ ስም መያዙ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙን መንቀል አይቻልም። ተርጓሚው ግን ቃሉን መጀመሪያ በጠቀሰበት ቦታ «በጀርም የሚመጣ» የሚል ቅጽል ሳይጨምር ማለፍ አይገባውም።

ስለ «ነቀርሳ» ብዙ ማለት አያሻም። ቃሉ ለካንሰርም ሲነገር ኖሯል፤ ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 ተሕዋሱን ለይቶ ያሳወቀለት የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ካንሰር ግን አይተላለፍም። «ካንሰር» በውሰት መግባቱ ሁለቱን ለይቶልናል።

የቀረው ኤምፊዜማ ነው። የግሪኩን ሥርወ ቃል ተከትሎ «የሳንባ መነፋት» ማለት ያጓጓል። ይሁን እንጂ የተነፋ ነገር ይተነፍሳል፤ በዚህ በሽታ ግን በአየር ከረጢቶቹ መካከል ያለው ግድግዳ በሲጋራ ወይም ለዓመታት በተማገ የእንጨትና የኩበት ጭስ ፈርሶ አይመለስም። ስለዚህ «የአየር ከረጢቶች መፍረስ» ቢባል ከግሪኩ ይርቃል፣ ለሳንባው ግን ይቀርባል።