ኮት በሻንጣ፣ ቬሎ በእጅ

ሾኔ ውስጥ የሰርግ ልብስ የሚሰፋ ሰው ሻንጣ ማሰናዳትም ማወቅ አለበት። ከምሰፋው ኮትና የሐበሻ ቀሚስ ብዙው የሚለበሰው እዚህ አይደለም። ከሃዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጅ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ወይም ከዚያ ራቅ ባለ ከተማ ሱቅ ከፍቷል፤ ሲደላደል ሙሽራውን ከአገር ቤት ይጠራል። እሷ ስትሄድ የራሷ ቬሎ፣ የእሱ ሙሉ ልብስ፣ የመልሱ ካባ፣ የሚዜዎቹ ሸሚዝ ሁሉ አብሯት ይሄዳል።

ሰው የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። ከቦሌ ጆሃንስበርግ ግን ከአምስት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሻንጣውም ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተኝቶ ይደርሳል። ልብሱ የሚጎዳው ከዚያ በፊት፣ ከሾኔ በሃላባ ቁሊቶ አድርጎ አዲስ አበባ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። ሻንጣው አባዱላ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፤ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ያግለዋል። ፖሊስተር ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ካውያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጣሪያውም ያንኑ ሥራ በትንሹ ይሠራል፣ ያውም ማንም ባልፈለገው ቦታ ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ አስተጣጠፍ አይደለም። ለሾፌሩ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ሻንጣውን ውስጥ አስገቡት እላለሁ።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሻንጣ አይሰናዳም። ነጋዴው ሁሉ የሚሸጠው ንጹሕ ሱፍ ነው፣ እሱን ብትሰሙ! እኔ ከስፌቱ ትርፍ ጥቂት ክር መዝዤ ክብሪት አስነካዋለሁ። የበግ ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የተቀላቀለው ሁለቱንም ያሳያል። እውነተኛው ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ውስጡ መያዝ ስለሚችል እንፋሎት ሲነካው ራሱን ያቃናል፤ ቢጨማደድም ያን ያህል አልጨነቅለትም። ፖሊስተር ውሃ ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ አንዴ በሙቀት የያዘውን እጥፋት የሚያስለቅቀው ሌላ ሙቀት ብቻ ነው። በእጅ የተፈተለው ጥጥ ከሁለቱም ይለያል። ቶሎ ይጨማደዳል፣ ግን ቶሎ ይቅር ይላል።

የሚበር ልብስ ገና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይለያል። ደንበኛው ወደ ውጭ እንደሚሄድ ከነገረኝ የኮቱን የጀርባ ገበር ጠበቅ አድርጌ አልቆርጠውም፤ መሐሉ ላይ ትርፍ እጥፋት እተውለታለሁ። ኮቱ ሲገለበጥ ገበሩ ካልተዘረጋ ይጎተታል፣ ሲጎተት ትከሻውን ያጣምመዋል። የትከሻውን እስፖንጅም ቀጠን አደርጋለሁ። ወፍራም እስፖንጅ መስተዋት ፊት ያምራል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን ይሰበራል፤ ከተሰበረ በኋላ የሚያድነው የለም።

አስተጣጠፉ እንዲህ ነው። ኮቱ ማታ ይተኮሳል እንጂ መንገድ በሚወጣበት ጠዋት አይተኮስም። ከካውያ የወረደ ልብስ ሙቀትና እርጥበት አለበት፤ በዚያው ሻንጣ ከገባ የሚነካውን እጥፋት ሁሉ ይቀበላል። ሌሊቱን ተሰቅሎ ያድራል። ጠዋት ኪሶቹን ባዶ አድርጌ እጆቼን ከውስጥ ወደ ሁለቱ ትከሻዎች እሰዳለሁ። የግራውን ትከሻ ወደ ውስጥ ገልብጬ ቀኙን አጎርሰዋለሁ፤ አንዱ ትከሻ ሌላው ውስጥ ይቀመጣል። ገበሩ ውጭ፣ ጨርቁ ውስጥ ይሆናል። የኮሌታው መታጠፊያ በተፈጥሮው እንዲተኛ እንጂ እንዲጫን አልፈልግም። ከዚያ ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል፣ መታጠፊያው ውስጥ የተጠቀለለ ሹራብ ወይም ነጠላ ይገባል። በመጨረሻም ሰፊ ስስ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ላስቲኩ ከአቧራ ብቻ አይደለም የሚከላከለው፤ ልብስ በልብስ ላይ ሲንሸራተት እንዳይያዝ ያደርጋል። እጥፋትን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ የለሰለሰ እጥፋት ግን ለአንድ ምሽት ሲሰቀል ይለቃል። የማይለቀው ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲላወስ የሚያተርፈው ነው። ስለዚህ ግማሽ ባዶ ሻንጣ ከሞላው የከፋ ነው። ክፍት የቀረውን ቦታ በካልሲ፣ በፎጣ፣ በምንም ሙሉት።

ሸሚዝ ማጠፍ የተማርኩት ከእኔ በዕድሜ በጣም ከምታንስ ልጅ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአካባቢያችን ሄደው ከተቀጠሩት አንዷ ናት። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ገበያው ከአጎዋ ካስወጣች በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ ተመልሳ እኔ ጋ ገባች። ለውጭ ገበያ የሚላክ ሸሚዝ ስታሽግ ስለነበር እጇ አይሳሳትም። «ጋሼ፣ ቁልፉን ሁሉ አይቆልፉት፤ የላዩ፣ የመሐሉና የታቹ ይበቃል» አለችኝ። ከኮሌታው ስር ቀጭን የካርቶን ቀለበት ታደርጋለች፣ ጀርባው ላይ ስስ ወረቀት ታነጥፋለች፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ መልሳ በካርቶኑ ልክ ታጥፋለች። ጆሃንስበርግ ላይ ሸሚዙ ሲከፈት ካውያ የሚፈልገው ቢበዛ የደረቱ ግራና ቀኝ ነው። ከሐዋሳ የተመለሱት ልጆች ይህን ሙያ ይዘው መጥተዋል፤ እዚህ የሚጠይቃቸው ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

ቬሎው ሌላ ጣጣ ነው። መረቡ ቢጨማደድም በእንፋሎት ይፈታል፤ ከደረቱ ላይ ያለው ዶቃ ግን መረቡን ይቦጭቃል። ደረቱን በወረቀት ሞልቼ በንጹሕ ነጠላ እጠቀልለዋለሁ፣ የቀሚሱን ሽቦ አወጣለሁ፣ ቀሚሱን ከታች ወደ ላይ ላላ አድርጌ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ ከሙሽራዋ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ነው፤ ብዙ ቬሎ ሽቦው ከወጣለት በዚያ ውስጥ ያድራል። ወደ ታች በሚገባው 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ የሚቀመጠው በሌላ ሊተካ የሚችል ነገር ብቻ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ሻንጣ 21 ቀን ካልተገኘ እንደ ጠፋ ይቆጠርና መንገደኛው ካሳ ይጠይቃል። መልካም። ሰርጉ ግን ቅዳሜ ነው።

የእናቶችስ ነገር? ሻንጣው ሊዘጋ ሲል እናት በርበሬና ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ቅቤዋ ትንሽ ናት፤ ከኮቱ ስር ሸጎጥ አድርግልኝ» ይሉኛል። ምግባችን አታካና ያለ ቅቤ እንደማይሆን የሃዲያ ልጅ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጁም እዚያ ሆኖ የሚናፍቀው ኮቱን ሳይሆን ይህንን ነው። «እናቴ፣ ቅቤውና ኮቱ በአንድ ሻንጣ አይሄዱም» እላለሁ። በላስቲክ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ በርበሬ እንኳ ዱቄቱ ሾልኮ ነጭ ጥለት ላይ ሲያርፍ፣ በውሃ ቢነኩት ይባስ ይሰራጫል። ደረቁን ማራገፍ እንጂ ማሸት አይገባም። ሁለተኛ ሻንጣ ከሌለ በርበሬው ለጫማ በተለየው ጥግ፣ ክዳኑ በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ይሂድ።

ከሰርጋቸው በኋላ ከደርባን በመርከብ ሊዝናኑ ያሰቡ ሙሽሮችም መጥተውብኛል። ባሕር በሌለን አገር ለመርከብ ልብስ አዘጋጅልኝ መባል ደስ ይላል። በዚያ ጉዞ ላይ ሰው ሁሉ ሙሉ ልብስና ረጅም ቀሚስ ለብሶ ራት የሚበላበት ምሽት አለ፤ በመርከብ ክፍል ውስጥ ግን እሳት ስለሚፈራ ካውያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለእነሱ ከሱፍ በቀር ሌላ ጨርቅ አልመከርኩም። ደርባን ባሕር ዳር ናት፣ አየሯ እርጥብ ነው፤ ሱፍ በዚያ አየር ብቻውን ተሰቅሎ ይቃናል። የከፋይ ካባ ግን ጠጉሩ ከተጫነ አይነሣም፤ ጠጉር በጠጉር አስተኝቶ፣ መሐሉ ወረቀት አድርጎ፣ ከሻንጣው ሁሉ በላይ ነው መቀመጥ ያለበት።

ከደረሱ በኋላ ብዙዎቹ በኢሞ ይደውሉልኛል። የምላቸው አጭር ነው። ቤት እንደገባችሁ፣ ቡና ሳይፈላ፣ ሻንጣው ይከፈት። ኮቱ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ ይሰቀል፤ የሽቦ መስቀያ አይሆንም። ገላ መታጠቢያው ውስጥ ሙቅ ውሃ ክፈቱና በሩን ዝጉ፤ እንፋሎት ይሙላ፤ ውሃው ግን ልብሱን አይንካው። ሱፉ እዚያው ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከወጣም በኋላ እስኪደርቅ ማንም አይልበሰው። ፖሊስተር ከሆነ ገበሩ ላይ ለብ ያለ ካውያ፣ መሐሉ ጨርቅ ጣል ተደርጎ። የሐበሻ ቀሚሱ በጀርባው በኩል ይተኮስ፤ ጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ክር በጋለ ካውያ ይቀልጣልና ከፊት አትንኩት። ካባውን እንዲሁ ስቀሉት፤ እሱ ላይ ካውያ የሚያነሣ ሰው ካለ ስልኩን ለእሱ ስጡልኝ።