የወፍጮ ድንጋይ አዋቂው እጅ

በጎጃም ደጋ ጥሩ የእጅ ወፍጮ የሚጀምረው ከመውቀሪያው አይደለም፣ ከድንጋዩ ምርጫ ነው። አዋቂ ወቃሪ ድንጋዩን መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ቀጥሎ ገጹን ያያል። ድፍንና ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነ ድንጋይ ቶሎ ይለሰልሳል፤ እህሉም ከመጁ ሥር ይንሸራተታል። ቀዳዳ እጅግ የበዛበት ደግሞ ይፈረፈራል። የሚመረጠው እንደ እንጀራ ዓይን ያለው፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ግን ግድግዳው የጠና ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ሲበላ አዲስ የቀዳዳ ጠርዝ ስለሚወጣለት ስለቱ ቶሎ አይጠፋም።

ይህን ዓይን የሠራው እሳት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቆች የፈሰሰ ቅልጥ አለት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ አለበሰ፤ የጎጃሙ ጮቄ ተራራም ከዚያ በኋላ በላዩ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስለታል፤ በውስጡ የሟሟው ጋዝም አረፋ ይሆናል። አረፋው ሳያመልጥ አለቱ ሲጠጥር ቀዳዳው ይቀራል። ገጸ ምድር ላይ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድናቱ ለማደግ ጊዜ አያገኙም፤ ደቃቅ እንደሆኑ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይቀራሉ። ባዛልት የሚባለው ይህ አለት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ መቆላለፍ ነው። ያው ቅልጥ በጥልቀት ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ቅንጣቱ በዓይን የሚለይ ጋብሮ ይሆን ነበር።

ልውጥ አለት በሌላ መንገድ ይወለዳል። የቀድሞው አለት ሳይቀልጥ፣ በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት ማዕድናቱ እንደ አዲስ ያድጋሉ፣ ይደረደራሉም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ከባዛልቱ ሥር የሚታዩት የኖራና የአሸዋ ድንጋዮች በደለል የተነጠፉ እንጂ ልውጥ አይደሉም። ልውጡን ለማግኘት ወደ ምዕራብ፣ ቀድሞ የጎጃም ክፍል ወደነበረው መተከል መሄድ ነው፤ የማንኩሽ እብነ በረድ እዚያ ነው። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ የሚገኝ ነው፤ ለወለል ያምራል። ለወፍጮ ግን ለስላሳ ስለሆነ ራሱ ከዱቄቱ ጋር ይፈጫል። ሽስት የተባለው ልውጥ አለትም በንብርብሩ ይሰነጠቃል። ባዛልት እንዲህ ያለ ንብርብር ስለሌለው በየትም በኩል ቢወቀር ይታዘዛል።

የእጁ ጥበብ የሚታየው በመውቀሩ ላይ ነው። ምቱ ከጠለቀ ጉድጓዱ ዱቄት ይይዛል፤ ከሳሳ ደግሞ እህሉ አይሰበርም። ስለዚህ ነጥቦቹ ተቀራርበው፣ ጥልቀታቸው ተመጣጥኖ፣ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳሉ። አልቆ በመዳፍ ሲዳሰስ ገጹ እኩል ይሻክራል፤ የሚያዳልጥ ቦታ ከተገኘ እንደገና ይወቀራል። ከዚያም ጥቂት እህል ተፈጭቶ፣ የድንጋዩን ብናኝ ይዞ ይደፋል።

ዛሬ እህሉ በአብዛኛው የሚፈጨው በሞተር ነው፤ የእጅ ወፍጮም በየጥጉ ተጥሏል። በእናቶቻችሁ ቤት ያለውን ለአጥር መሠረት አታውሉት። ገጹን ዳስሱት፣ ማን እንደወቀረውም ጠይቁ፤ የሚያውቁት ሰዎች ሳያልቁ።