ከንፈሩ ይታያል፣ ድምፁ የት አለ?

ስለ «ፕሌይባክ» እና ስለ ጋምቤላ መድረክ የቀረበ ሒስ

ነገሩን ሳናድበሰብስ እንጀምር። በበዓል መድረኮቻችን ላይ «ፕሌይባክ» የሚባል ልማድ ሰፍኗል። ዘፋኙ ማይክሮፎን ይዞ ይወጣል፤ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚሰማው ግን ስቱዲዮ ገብቶ አስቀድሞ የቀዳው ድምፅ ነው። ተመልካቹ ይኽን ያውቃል። አዘጋጁም ያውቃል። ዘፋኙም መታወቁን ያውቃል። ሦስቱም ግን እንዳላወቀ ሰው ሆነው ያጨበጭባሉ፣ ይሸልማሉ፣ እጅ ይነሣሉ። ይኽ ሒስ አንድን ዘፋኝ ለይቶ ለማሳጣት አልተጻፈም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኽ ልማድ ጋምቤላ ሲደርስ ምን ያጠፋል? መልሱን ባጭሩ ልስጥና ወደ ማስረጃው ልሂድ። ፕሌይባክ በሌላው ዘፈን ላይ ሲመጣ ዘፈኑን ያደኸያል፤ በጋምቤላ ሕዝቦች ዘፈን ላይ ሲመጣ ግን ዘፈን መሆኑን ራሱን ይነጥቀዋል።

ለፍትሕ ያህል መጀመሪያ ተከሳሹን እንስማው። ፕሌይባክ ሁልጊዜ ማታለል ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 በጣሊያን ቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ታላቁ የኦፔራ ዘፋኝ ሉቺያኖ ፓቫሮቲ አፉን ያንቀሳቀሰው አስቀድሞ በተቀዳ በገዛ ድምፁ ላይ ነበር። ኦርኬስትራውም የሚጫወት ይመስል ነበር እንጂ አልተጫወተም። ምሥጢሩን ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣው ራሱ ኦርኬስትራውን የመራው ሊዮኔ ማጂዬራ ነው። ምክንያቱም የሌሊቱ ብርድና የዘፋኙ ጤና ነበር፤ ፓቫሮቲ በዓመቱ ሞተ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እነኢትዛክ ፐርልማንና ዮ-ዮ ማ አደባባይ ላይ ተቀምጠው ቢጫወቱም፣ በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ የተሰማው ከሁለት ቀን በፊት የቀዱት ነበር። ቅዝቃዜው የክር መሣሪያዎቹን ቅኝት ያዛባ ነበርና ነው። በሁለቱም ቦታ ድምፁ የባለቤቱ ነው። ባለሙያው ብርድ ሸሸ እንጂ ሌላ ሰው አልሆነም። ቅር ማለት ይቻላል፤ ሌባ ብሎ መጮኽ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ የሚሸሸው ብርድ ሳይሆን መልክ ነው። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች ቁመናቸው ያማረ፣ ጸጉራቸው የተሸረበ፣ ውዝዋዜያቸው የሰላ ነበር፤ በዘፈኖቻቸው ላይ የሚሰማው ግን የሌሎች ዘፋኞች ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ መድረክ ላይ ሳሉ ቅጂው ተንገጫገጨና አንዲት ሐረግ እየደጋገመ አስጨነቃቸው። በ1990 ፕሮዲዩሰራቸው እውነቱን ሲናገር የግራሚ ሽልማታቸውን ተነጠቁ። ዓለም በሁለቱ ልጆች ላይ ሳቀ። እውነተኞቹን ዘፋኞች «መልካችሁ አይሸጥም» ብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ያስቀመጠው ገበያ ግን አልተሳቀበትም።

ቤጂንግ ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 የኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአገሯ ዘመረች ተባለ፤ ዓለምም ወደዳት። ድምፁ ግን የሌላ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የሙዚቃው ኃላፊ ቼን ቺጋንግ እንደገለጠው በካሜራ ፊት የምትታየው ልጅ እንከን የሌላት መሆን ነበረባት፤ ውሳኔውም ለአገር ጥቅም ሲባል የተደረገ ነው። በዚያው ምሽት የ56ቱን ብሔረሰቦች ልብስ ለብሰው ባንዲራ ያጀቡት ሕፃናትም በአብዛኛው ከአንዱ ከትልቁ ከሀን ብሔር የመጡ እንደነበሩ በኋላ ተገለጠ። ይኽችን ሁለተኛዪቱን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ እንመለስባታለን። የሰው ድምፅ ከሰውየው ተነጥሎ ከተወሰደ፣ የሕዝብ ልብስም ከሕዝቡ ተነጥሎ ሊለበስ ይችላል። ሁለቱ የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ያ አስተሳሰብ «ዋናው መታየቱ ነው» ይላል።

አሁን ወደ አገራችን። የኛ የሙዚቃ ባህል በመሠረቱ ፕሌይባክን የሚጠላ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል፣ ያዞረዋል፣ አንዳንዴም ወርዋሪውን መልሶ ይወጋዋል። «ተቀበል» ሲሉት ካሴት አይቀበልም። ከዚያ በኋላ በመጡት በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ በነዋልያስና በነሮሃ ባንድ ዘመንም ቢሆን ዘፋኙ ቆሞ ይዘፍን ነበር፤ ሳክስፎኑም ይነፋ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ ሲያደክመው፣ ካሴት ሸክላን ሲተካው፣ በኋላም አንድ ኪቦርድ የአሥር ሰው ባንድ ሥራ ሲሠራ፣ ጆሮአችን ቀስ በቀስ የስቱዲዮን ጥራት ለመደ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በአንዲት ፍላሽ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይገባል። አዘጋጁ ለባንድ አበልና መኪና ከማውጣት «ፍላሽህን ይዘህ ና» ማለት ይቀለዋል። እንግዲህ ኢኮኖሚው ይኽ ነው። ዘፋኙን ብቻ መውቀስ ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጋምቤላ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የዚህ አገር ዘፈን ምን ላይ ቆሟል? ኑዌሮች «ቡል» የሚሉት ከበሮ መሐል ይሆናል፤ ሕዝቡ ይከበዋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ክቡ ፊትና ኋላ የለውም። ተመልካች የሚባል ወገንም የለውም፤ ዳር የቆመው ደቂቃ ሳይቆይ መሐል ይገባል። የዘፈኑን ርዝመት የሚወስነው ሰዓት አይደለም፤ የዘላዩ ጉልበትና የመላሹ ስሜት ነው። ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋ የጻፈው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው መጽሐፉ እንደመዘገበው፣ የኑዌር ጎልማሳ የሚወደው በሬ አለው፤ በበሬው ቀለምና ቀንድ ስም ይጠራል፤ በሬውንም እየነዳ ስለሱ ይዘፍናል። ዘፈኑ የራሱ ነው፤ ራሱ ይገጥመዋል፤ ይዞት የሚዞረው ሌላ ሰው አይደለም። በአኙዋ ዘንድ ቶም የሚባለው በአውራ ጣቶች የሚጫወቱት መሣሪያም ቢሆን ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ እሱን ለመስማት ሰው መቅረብ አለበት። ስታዲዮም ዳር ሆኖ ቶም መስማት አይቻልም።

እንግዲህ ይኽን ሁሉ አንድ ላይ አስቡት። ክብ፣ አውጪና መላሽ፣ የራስ ግጥም፣ መቀራረብ። ፕሌይባክ እነዚህን አራቱንም በአንድ ጊዜ ያፈርሳቸዋል። ቅጂ መላሽን አይጠብቅም። ዘላዩ ቢደክም አይዘገይም፤ ሕዝቡ ቢሞቅ አይረዝምም። በአራት ደቂቃ ያልቃል፤ አለቀ። ከበሮ መቺው ከበሮውን ሳይሆን ድምፅ ማጉያውን ማዳመጥ ይጀምራል። ይኽ የሙያ ውርደት ነው። ከበሮ መቺ ሲመራ እንጂ ሲከተል ምን ሊባል ነው?

የክቡን መፍረስ ያየነው በበዓላት አሠራር ነው። የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ለማሰብ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከበር ቆይቶ፣ አሥረኛው በ2008 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ተከብሯል። ከተማዋ እንግዳ ተቀበለች፤ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ስም በአገር ደረጃ ተጠራ። ይኽ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስንቱ ኢትዮጵያዊ ኦፖና ኮሞ የሚባል ሕዝብ መኖሩን ሰምቶ ነበር? ግን የእንዲህ ዓይነቱን በዓል መድረክ ቅርጽ እንመልከት። የክብር እንግዶች በአንድ ወገን ይቀመጣሉ፤ ካሜራውም በነሱ ወገን ይቆማል። ስለዚህ ክቡ ይከፈትና መስመር ይሆናል። ሁሉም ፊቱን ወደ ትሪቡኑ ያዞራል። ለእያንዳንዱ ቡድን ጥቂት ደቂቃ ይመደባል። መላሽ የነበረው ሕዝብ ተመልካች ይሆናል። ቅርጹ እንዲህ ከሆነ በኋላ ፕሌይባክ መምጣቱ ምን ይገርማል? ክቡ የፈረሰ ለት በሩ ተከፍቶለታል።

ከዚያ የመልክ ጣጣ ይከተላል። ለመድረክ ሲመረጥ ቁመት ይታያል፣ ወገብ ይታያል። ጥሩ ግጥም የሚያወጡት አሮጊት «ለካሜራ አይሆኑም» ተብለው ይቀራሉ፤ ዘፈኑን የማታውቅ ለግላጋ ልጅ ጨሌ ተደርጎላት ትወጣለች። የነብር ቆዳ ዓይነት የታተመበት ጨርቅ ይታደላል፤ ላባ ይሰካል። አዲስ አበባ ባሉት የባህል ምግብ ቤቶችም እንዲሁ ነው። አንዱ የተወዛዋዥ ቡድን ከጎጃም ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ጋምቤላ ልብስ እየቀየረ ያመሻል። ልጆቹ ሠራተኞች ናቸው፤ ላባቸውን የሚያፈሱ ናቸው፤ እነሱን አልነቅፍም። ተመልካቹ ግን ስለ ጋምቤላ ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው? ላባና ዝላይ። አንዲት ቃል እንኳ አልሰማም። የቤጂንጎቹን ሕፃናት በልባችሁ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ክርክሬ ይኽ ነው። ጋምቤላ በአገሪቱ መድረክ ላይ ለመታየት ትጠራለች፤ ለመሰማት አትጠራም። ፕሌይባክ የዚህ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ሰውየው ቆሞ እየታየ ድምፁ እንኳ እዚያ የለም።

መልስ የሚሰጡ ይኖራሉ። አንደኛው «ቋንቋው ለማይገባው ሕዝብ ቢዘፈን ባይዘፈን ምን ለውጥ አለው?» ይላል። ለውጥማ አለው! ቋንቋው የሚገባውም ሰው እዚያው ስታዲዮም ውስጥ አለ፤ እሱ ሰው አይደለም? ደግሞስ ቋንቋው ያልገባውን ሰው ትርጉሙን ባጭሩ ነግሮ ማስረዳት የመድረክ መሪ ሥራ ነው። ሁለተኛው «ጋምቤላ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ለስልሳ ሰው ማይክሮፎን ከየት ይመጣል?» ይላል። ይኽ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሞተው ማነው? ፍላሹ ነው እንጂ ከበሮው አይደለም። በየእሑዱ በከተማውም በገጠሩም በኑዌርኛና በአኙዋኛ የሚዘምሩት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን በከበሮና በጉሮሮ ብቻ ያን ሁሉ ሰው ያንቀሳቅሱ የለም ወይ? ማንም «ድምፃችሁ ስቱዲዮ አልገባም» ብሏቸው አያውቅም።

ሦስተኛው መልስ «ይከልከላ!» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የቱርክሜኒስታኑ መሪ ኒያዞቭ ፕሌይባክን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ኦፔራንና ባሌትንም ቀደም ብለው እንደከለከሉ ልብ ይሏል። ኪነት በአዋጅ አይድንም። የሚያድነው ተመልካቹ ሲጠይቅና አዘጋጁ ሲያፍር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኛው እንጀምር። በካምፓስ የባህል ምሽትና የምረቃ ዝግጅት ላይ ሦስት ነገር ማድረግ አያቅተንም። አንደኛ፣ ባንድ ማምጣት ካልተቻለ ሙዚቃው ከፍላሽ ይሁን፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮ ይውጣ። ቢሰነጠቅም ይሰንጠቅ። የተሰነጠቀ ድምፅ የሰው መሆኑ ይታወቃል። ግድ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከቅጂ ከሆነም መድረክ መሪው በግልጥ ይናገር። ሁለተኛ፣ የጋምቤላ ዘፈን ሲቀርብ መድረኩ ይቅርና ሜዳ ላይ ይሁን፤ ክቡ ክብ ሆኖ ይቆይ፤ ያሉት ሁለት ማይክሮፎኖች አንዱ ለከበሮው፣ አንዱ ለአውጪው ይሰጡ። መላሹ ሕዝብ ማይክሮፎን አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ከዘፈኑ በፊት በስም ይጠራ። «የጋምቤላ ባህላዊ ዘፈን» ብሎ ማለፍ ገጣሚውን ከመጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥ ነው፤ ሚሊ ቫኒሊ ላይ የተሳቀበትን ነገር እኛ በጨዋ ቋንቋ መድገም ነው።

ይኽ ሁሉ ስለ አንድ ምሽት መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኽን ያህል ቀለምና ወረቀት አላባክንም ነበር። ቅጂ ትናንት የተባለውን ይደግማል። አውጪና መላሽ ግን ዛሬ የሆነውን ይናገራሉ፤ የባሮን ሙላት፣ የከብቱን ሞት፣ የሹሙን ጥፋት፣ የሙሽራዪቱን ኩራት። መመለስ የሚለምደው ልጅ ነገ ማውጣት ይችላል፤ አውጪ ሲጠፋ መላሽ ይጠፋል። ማጨብጨብ ብቻ የለመደ ልጅ ግን ነገ ምን ያወጣል? ተቃውሞ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ተቀበል ብለናል።