የጣና ደንገል ኦስሎ ላይ

አዲስ አበባ፣ ውቤ በረሃ ተቀምጦ ስለ ጀልባ መጻፍ ቀልድ ይመስላል። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርደው ውኃ ክረምት ቢቆጣም ታንኳ አይሸከምም፤ እኛ የአራዳ ሰዎች መርከብ ያየነው በሲኒማ ኢትዮጵያ መጋረጃ ላይ ነው። ቅርስ ሲባልም ዓይናችን የሚሄደው ወደ እንጨት ቤት ነው፤ ወደ ጣይቱ ሆቴል ደረጃ፣ በረንዳቸው በእንጨት ጥልፍ ወዳጌጠው የአርመንና የህንድ ነጋዴዎች ቤቶች፣ ሲረግጡት ወደሚያቃስተው ወለል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ሰው ያዘነው ለነዚህ ዓይነት ቤቶች ነበር፤ እኔም አዝኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ቤቱ ተርፎ ቢሆን፣ የተሰበረውን ጥልፍ ዳግም የሚያወጣ እጅ አለን ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ከእንጨት ቤት ሳይሆን ከሣር ጀልባ ነው። ጀልባዋ ያለችው ኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስሟ «ራ 2» ይባላል፤ ራ የጥንት ግብፆች የፀሐይ አምላክ ነው። ርዝመቷ 12 ሜትር ነው። አካሏ ከግንድ አልተጠረበም፣ ጣውላ አልተጋጠመበትም፣ ሚስማር አልገባበትም። አትላንቲክ ውቅያኖስን የተሻገረው ያ አካል በሙሉ ደንገል ነው፤ ደንገሉ የበቀለውም ጣና ዳር ነው።

ደንገልን በቅርብ ያላየ ሰው ተራ ሸምበቆ ይመስለዋል። አይደለም። ሸምበቆ ክብና ውስጡ ባዶ ነው፤ የደንገል አገዳ ግን ሦስት ማዕዘን አለው፣ ውስጡም በነጭ ለስላሳ ልብ የተሞላ ነው። ያ ልብ አየር ያዘለ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ጥንካሬው ያለው በአረንጓዴው ቆዳ ላይ ነው። ጥንታውያኑ ግብፆች ልቡን ሰንጥቀው ወረቀት ሠሩበት፤ የጣና ሰዎች ሳይሰነጥቁት ተሳፈሩበት። ብልሃቱ ሁሉ ያለው በዚህ ተክል ባሕርይ ውስጥ ነው። ቆዳው ሳይላጥ፣ አገዳው ሳይታጠፍ፣ ልቡ ሳይጨፈለቅ አንዱን ከሌላው ጋር ማሰር፤ ከዚያ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

በጣና ዙሪያ በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩ ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን አርቀዋቸው ኖረዋል። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የተቀበሉትን ንቀት የታንኳ ሠሪውም ስለተቀበለ ነው። እጁን ተጠቅመን ሰውየውን ስንገፋ ኖረናል፤ ዛሬ እጁ ሲጠፋ እንደነግጣለን።

የተቆረጠው ደንገል መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በነዶ በነዶ ይከፈላል፤ ነዶው ከሥር ወፍሮ ወደ ጫፍ ይቀጥናል። አንደኛው የእጅ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ጫፍ ካልተሰባጠረ ታንኳዋ በአንድ ወገን ትከብዳለች። ከዚያ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ማሰሪያው ከዛፍ የተላጠ ልጥ ወይም የደንገሉ የራሱ ቆዳ ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውስጧ ላይ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ንጣፉ ለምቾት የተጨመረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየውን ከውኃው ከፍ የሚያደርገው፣ ታንኳዋንም የሚያንሳፍፈው እሱ ጭምር ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ለጌጥ ብቻ የገባ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ወደ ላይ የተቀለበሰው አፍንጫ እንኳ ማዕበሉን ይከፍላል።

የማሰሪያው ልክ በሜትር የሚለካ አይደለም። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ልጡን ይወጥረዋል። ስለዚህ ሠሪው የሚያጠብቀው ለዛሬው ደረቅ ነዶ ሳይሆን ለነገው እርጥብ ነዶ ነው። በጣም ከጠበቀ አገዳው ይቆረጣል፤ ከላላ ታንኳዋ መሐል ሐይቅ ላይ ትበተናለች። ይህን የሚያውቀው አውራ ጣት ነው። ቀኑን ሙሉ የቀዘፈ ሰው ማታ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያቆማታል፤ ካልደረቀች በማግሥቱ ትከብደዋለች። እንዲህም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። በዚች የወራት ዕድሜ ውስጥ ዓሣ ታጠምዳለች፣ እህልና ማገዶ ታመላልሳለች፣ የወፍጮ ድንጋይ ሳይቀር ትጭናለች።

ዐፄ ቴዎድሮስም ደንገልን ሞክረውታል። እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ በ1858 ዓ.ም. ቆራጣ ላይ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመውባቸዋል። የእንፋሎት መርከብ ያለ እንፋሎት ማለት ነው። የንጉሡ ሐሳብ ሩቅ አልሄደም፤ ግን የመረጡት ቁስ ስለ ንጉሡ አስተዋይነት ይናገራል።

ከዚያ መቶ ዓመት በኋላ ቶር ሄየርዳል መጣ። ሄየርዳል ኖርዌያዊ ተመራማሪ ነው፤ በ1939 ዓ.ም. ኮን-ቲኪ በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ ፓስፊክን ተሻግሮ ነበር። አሁን ደግሞ ጥያቄው የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ወይ የሚል ነው። ግብፅ ውስጥ ግን በቂ ደንገል አልነበረም። ስለዚህ 12 ቶን ደንገል ከጣና ተቆርጦ ወደ ግብፅ ተጓዘ። ጀልባዋን ለመሥራት የመጡት ከቻድ ሐይቅ የተነሡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሥራው የተሠራውም ጊዛ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ ነው። ደንገል ባሕር ላይ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ያሉ ምሁራን ብዙ ነበሩ። ጣና ላይ ያደገ ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ የበሰለ መልስ ያገኙ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያዋ ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ሰባት ሰዎች፣ ከሰባት አገር፤ ሳፊ የምትባል ትንሽ ጦጣም ነበረች። መሪ መቅዘፊያዎቹ በጉዞው መጀመሪያ ተሰበሩ። የደንገሉ አካል ግን አልበሰበሰም፤ ዋኘ። የከዳት ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዕደ ጥበብ ነገር ለሚወድ ሰው ከጉዞው ሁሉ ይህ ይበልጣልና። በጥንት ግብፅ መቃብሮች ሥዕል ላይ የደንገል ጀልባ የኋላ ጫፍ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ይታያል፤ ከዚያ ጥምዝ ጫፍም አንድ ገመድ ወደ ጀልባዋ ወለል ይወርዳል። ሄየርዳልና ጓደኞቹ ገመዱ ጥምዙን ቀልብሶ ለመያዝ ብቻ ያለ መሰላቸው። ጫፉ ያለ ገመድም ተቀልብሶ ሲቆም አነሡት፤ መተላለፊያም ይዘጋባቸው ነበር። የገመዱ ሥራ ግን ሌላ ነበር። ጀልባዋ በማዕበል ላይ ስትታጠፍና ስትዘረጋ የኋላው ጫፍ እንዳይረግብ ስቦ የሚይዛት ጅማት እሱ ነው። ገመዱ ሲቀር የኋላዋ ቀስ በቀስ ረገበ፣ ውኃ ገባ፣ ነዶው ከጎን ይላቀቅ ጀመር። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ፣ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐምሌ 1961 ላይ ትተዋት ወጡ። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የኖረ አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሠሪ የጨመረው ገመድ ነው የጎደላቸው።

በዓመቱ ራ 2 ተሠራች። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነው፤ እጁ ግን ተለወጠ። ሠሪዎቹ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ተወላጆች ነበሩ፤ ዴሜትሪዮ፣ ሆሴና ሁዋን ሊማቺ፣ እንዲሁም ፓውሊኖ ኢስቴባን። እነሱ ብዙ ትንንሽ ነዶ በብዙ አጫጭር ገመድ አላሰሩም። ሁለት ግዙፍ ነዶዎች አዘጋጁ፤ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ነዶ አስገቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ግዙፍ ነዶ ከመሐለኛው ጋር በአንድ ያልተቋረጠ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠመጠሙት። ገመዱ ሲሳብ ሁለቱ ግዙፎች ቀጭኑን መሐላቸው ውጠው አንድ አካል ሆኑ። የሥራውን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ገመዱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማግኘት ያቅተዋል። ወደ ኋላው ጫፍ የሚሄደው ገመድም በዚህ ጊዜ አልተረሳም።

ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሡ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገቡ። ሐምሌ 5 ቀን ነበር፣ የዓሣ አጥማጁ የጴጥሮስ ቀን። ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን የጣና ገዳማት ሰው ቢሰማው አጋጣሚ አይለውም።

ተሳፋሪዎቹ ያዩትን ለራሳቸው አላስቀሩም። ሄየርዳል መጽሐፍ ጻፈ፤ የጉዞው ዘጋቢ ፊልም ለኦስካር ታጨ። ውቅያኖሱ ላይ ተንሳፍፎ ያገኙትን የዘይት ቅሪት መዝግበው ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቁ። የሶቪየቱ ሐኪም ዩሪ ሴንኬቪች የራሱን መጽሐፍ ጻፈ፤ በአገሩ ቴሌቪዥንም ለሠላሳ ዓመት ያህል የጉዞ ፕሮግራም አቅራቢ ሆኖ ኖረ። እሱ፣ አሜሪካዊው ኖርማን ቤከርና ጣልያናዊው ካርሎ ማውሪ ከሄየርዳል ጋር ቲግሪስ በተባለች የሸምበቆ ጀልባ ዳግም ተሳፈሩ። ያቺ ጀልባ ኢራቅ ላይ ተሠርታ ቀይ ባሕር ልትገባ መጥታ ነበር። የእኛ አካባቢ ጦርነት መንገድ ዘጋባት፤ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ፣ ተሳፋሪዎቿ ራሳቸው በጦርነቱ ላይ ተቃውሞ ለማሰማት በእሳት አቃጠሏት። ቲግሪስ የተሠራችው ነሐሴ ላይ በተቆረጠ ሸምበቆ ነው፤ የኢራቅ ረግረግ ነዋሪ የሆኑ ዓረቦች በሌላ ወር የተቆረጠ ውኃ ይጠጣል ብለው መክረዋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ዕውቀት ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሣጥን አይቀመጥም።

ራ 2 እንግዲህ ተጠብቃለች። የተሳፋሪዎቿ ስም፣ የአይማራዎቹ ስም፣ የቻዶቹ አብዱላ፣ ኦማርና ሙሳ ስም በመጽሐፍ ሰፍሯል። ኢትዮጵያ በታሪኩ ውስጥ ያለችው እንደ ማሳ ነው፤ ደንገል የተቆረጠባት አገር። ይህ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ስሙን ራሳችን ያልጻፍንለትን ሠሪ ሌላው አልጻፈልንም ብለን መቆጣት አንችልም።

ጣና ዳር ያለው ታንኳ ደግሞ በሙዚየም አያያዝ የሚጠበቅ ዓይነት አይደለም። ዛሬ የተሠራችው ታንኳ ለዓመት አትደርስም፤ የምትኖረው ሌላዋ ስለምትሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መኖር አለበት፤ ደንገሉና እጁ። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞታል። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት በ2007 ዓ.ም. መመዝገቡ መልካም ነው፤ መዝገብ ግን ደንገል አይተክልም። እጁንም የሞተር ጀልባውና የከተማው ሥራ እየወሰዱት ነው። የታንኳ ሠሪ ልጅ ሌላ ሥራ ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በወራት ውስጥ የምታረጅ ታንኳ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ቤት አያቆምም።

የአራዳውን የእንጨት ጥልፍ ያወጡት እጆች የማን እንደነበሩ ሳንጠይቅ አልፈዋል። በታንኳው ላይ ይህን መድገም የለብንም፤ ለማትረፍም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ካሜራ ዛሬ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ ከደንገል ቆረጣው እስከ መጀመሪያው ቀዘፋ ድረስ ሥራውን እየሠራ ይቀረጽ፤ የድካሙን ዋጋ ይከፈለው፤ ለየትኛው ሥራ በየትኛው ወር እንደሚቆርጥ፣ ልጡን ከየትኛው ዛፍ እንደሚልጥ፣ ታንኳ ተገልብጣበት እንዴት እንደተረፈ ይጠየቅ። ስሙም ይጻፍ።

አንባቢም ባሕር ዳር ሲሄድ ትንሿን የመታሰቢያ ታንኳ መግዛቱ አይቀርም። ከመክፈሉ በፊት ገልብጦ ማሰሪያዋን ይመልከት፤ ማን እንደሠራትም ሻጩን ይጠይቅ።