15 ሳንቲም የተለጠፈበት ዲግሪ

አሜሪካዊው ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ2007 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ከአንባቢ አእምሮ የማይጠፋ አንድ ታሪክ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ታላላቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ግን ፊት ነሷቸው፤ ውጤታቸውን ሳይቀር በጥርጣሬ ዓይን አዩት። ቶማስም ከሲጋር ፓኮ ላይ የ15 ሳንቲም የዋጋ ወረቀት ልጠው በዲግሪያቸው ፍሬም ላይ ለጠፉ። ለጥቁሮች የሚደረገው ልዩ ድጋፍ፣ አፈርማቲቭ አክሽን የሚባለው፣ ዲግሪዬን አረከሰብኝ ማለታቸው ነው።

መጽሐፉ እንደ መጽሐፍ ጥሩ ነው። በተለይ በጆርጂያዋ ሳቫና ነዳጅ እያከፋፈሉ ያሳደጓቸው አያታቸው፣ ማየርስ አንደርሰን፣ ግርማ ሞገሳቸው በጉልህ ይታያል። ክርክሩን ግን አልቀበለውም። ቶማስ የከሰሱት ሌላ፣ የበደላቸው ሌላ ነውና። ለመሆኑ የዲግሪውን ዋጋ ያወረደው ማነው? የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የማርክ ወረቀቱን ይዞ የተጠራጠረው ቀጣሪ?

ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2004 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ይጠቅመናል። ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎች ለቦስተንና ለቺካጎ ቀጣሪዎች ላኩ። ግማሾቹ የነጭ፣ ግማሾቹ የጥቁር የሚመስል ስም ነበራቸው። የነጭ ስም ከያዙት መቶ ማመልከቻዎች ወደ አሥር የሚጠጉት ሲጠሩ፣ የጥቁር ስም ከያዙት የተጠሩት ከሰባት ያንሳሉ። የሥራ ልምዱ ሲሻሻል እንኳ ይበልጥ የተጠቀመው የነጩ ስም ነው። ሥራዎቹ የሽያጭና የጽሕፈት ነበሩ፤ የዬል ዲግሪ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ቀጣሪው የጠረጠረው እኮ ልዩ ድጋፉ ስላለ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በቅጥር ላይ የዘር አድልዎን የከለከለው የ1964ቱ ሕግ ለምን አስፈለገ? ጥቁሩ ያለ አንዳች ድጋፍ በገዛ ችሎታው በመጣበት ዘመንም በሩ ተዘግቶበት ስለነበር አይደለምን? ጥርጣሬው ድጋፉን ቀደመው እንጂ ድጋፉ ጥርጣሬውን አልወለደውም።

ቶማስ እውነት ያላቸው በአንድ ነገር ነው፤ በጥርጣሬ መታየት ያማል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ዘርን መመዘኛ ማድረግን ሲከለክል ከፈረዱት አንዱ እሳቸው ነበሩ። በጥር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመንግሥት ሥራ ተቋራጮችን የሚመለከተውን የ1965ቱን የፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዝ ሻሩ። እንግዲህ ድጋፉ ተነሥቷል። የማመልከቻውን ስም አይቶ ወደ ጎን የሚያኖረው ቀጣሪ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ፈቅዷል። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባችውን ልጅ ምን ያህል እንደምታውቅ ሳንጠይቅ «በአፈርማቲቭ ነው የገባችው» እንላለን። ያን ጊዜ የ15 ሳንቲሙን ወረቀት የምንለጥፈው ሕጉ ሳይሆን እኛው ነን።