ድመቷን ማን አመነኮሳት?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አራት ቃል ብቻ ነው። «መንኩሳ» እና «አትረሳ» ቤት ይመታሉ፤ አጭር ስለሆነ ማንም ቆሞ አይከራከረውም። ሰምተን ፈገግ እንላለን፣ እናልፋለን። እኔ ግን ቄራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደጅ ከማትወጣ ድመት ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ተረት አላሳልፍ ብሎኛል። ግጥም ይተቻል፣ ልቦለድ ይተቻል። በየቀኑ ሰው የሚፈረድበት ተረትማ ይበልጥ መተቸት አለበት።

ከቃሉ እንጀምር። «መንኩሳ» ሲል ድመቷ በገዛ ፈቃዷ የመነኮሰች አድርጎ ነው። ምንኩስና እኛ ዘንድ የፈቃድ ነገር ነው፤ ሰው ዓለምን ንቆ ቆብ ይደፋል እንጂ በግድ አይደፉበትም። ተረቱ ቆቡን የራሷ ምርጫ ካደረገው በኋላ «አመሏን አትረሳ» ብሎ ይይዛታል። በአራት ቃል ቃል ኪዳን አስገብቶ፣ ቃል ኪዳን አስፈርሶ፣ ፍርድ ሰጥቶ ይነሳል። ፈጣን ችሎት ነው።

ይህቺ ጻድቅ መሳይ ድመት የእኛ ብቻ አይደለችም። ሕንድ ውስጥ ማሃባሊፑራም በሚባል ቦታ፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቅ አለት ላይ ከተቀረጹት ምስሎች መሀል አንዲት ድመት በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ የፊት እግሮቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ እንደ ባሕታዊ ትታያለች። አይጦች እግሯ ሥር ናቸው። ከሕንድ ተነስቶ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ በተመለሰው «ከሊላና ዲምና» ውስጥም የምትጾም፣ የምትጸልይ ድመት አለች። ጥንቸልና ወፍ ተጣልተው ለዳኝነት ይመጡላታል። እርጅና ጆሮዬን ይዞታልና ጠጋ በሉ ትላቸዋለች። ሲጠጉ ትበላቸዋለች።

እነዚህ ታሪኮች የሚነግሩን ስለ ማታለል ነው። የአማርኛውን ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። «አታለለች» አይልም፤ «አስመሰለች»ም አይልም። የሚለው «አትረሳ» ነው። የሚያወራው ስለ ትውስታ ነው። ምናልባት ድመቷ ከልቧ መንኩሳ ይሆናል፤ ገላዋ ግን ያስታውሳል። ስለዚህ የእኛው ተረት ከዘመዶቹ ይልቅ ይራራል ማለት ነው፤ የምናከረው ስንጠቀምበት ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ አንድ ቃል ነው፦ «አመል»። አመል የሚለመድ፣ የሚተው፣ በተግሣጽ የሚታረም ነገር ነው። ድመቷ የማትረሳው ግን አመሏን አይደለም፤ ባሕርይዋን ነው።

በደንብ ካያችሁ ደግሞ እውነተኛዋ መነኩሲት እኔ ቤት ያለችው ናት። ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ በካርቶን ይዣት መጣሁ። እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አላለፈችም። የምትበላበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ሌሊት ትነሳለች፤ ዓለሟ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ነው። ገዳም ከዚህ በላይ ምንድን ነው? ሆኖም ጎህ ሲቀድ የጫማዬን ማሰሪያ አድፍጣ ትይዛለች፣ «ትገድለዋለች»፣ ትራሴ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች። ይህን ሁሉ ጠግባ ነው። ሰፈራችን «ካበላሻትማ አይጥ አትይዝም» ይላል። ድመት ላይ ግን ረሃብና አደን አንድ አይደሉም፤ የጠገበችም ታድናለች።

መስኮቱ ሌላ ጉድ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነው፤ ከማረጃው በላይ ደግሞ ጥንብ አንሳውና አባ ኮዳው ይዞራሉ። አባ ኮዳ ክንፉን ሲዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እሷ መስታወቱ ጋ ቁጭ ብላ እሱን እያየች መንጋጋዋን ታንቀጠቅጣለች፤ ልትይዘው አስባ እኮ ነው!

ዋናው ፈተና ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ወደ ሙስሊሞቹ ሄጄ ሳንባና ልብ እገዛለሁ። ጎረቤቴ እማማ ደረጃ ላይ ፌስታሌን ያዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ለድመት ብለሽ በጾም ሥጋ ቤት?» ይሉኛል። «እማማ፣ እሷ አትጾምም እኮ» ስላቸው ይስቁና ተረቷን ጣል ያደርጉብኛል።

ነገሩ ግን ከቀልድ ያልፋል። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ድመት የሚበቃትን ያህል በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። ሲጎድልባት ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧ ይደክማል፤ የልቡ ጉዳይ በጥናት የተረጋገጠው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ሽሮ ፍትፍት ብቻ የምትበላ ድመት እየጾመች ሳይሆን እየታመመች ነው። ታውሪን በቅቅሉ ውሃ ውስጥ ስለሚቀር መረቁን አልደፋም። ጥሬ ደግሞ አልሰጣትም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በጥሬ ሥጋ ይገባባትና ከዓይነ ምድሯ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ በሽታ ለማስያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሰጋቱራዋን በየቀኑ እጠርጋለሁ። ከባሕርይ ጋር መኖር እንዲህ ነው፤ ተግሣጽ አይሠራም፣ ሥራ ነው የሚሠራው።

ተረቱ ስለ ድመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የሚነገረው ግን ሰው ላይ ነው። ሕንፃችን ውስጥ ታስሮ የተፈታ ልጅ አለ። ሌሊት ሥጋ እየጫነ ያድራል፤ ጠዋት ለእናቱ ዳቦ ይዞ ይገባል። አንድ ቀን የአንዱ ጎረቤት ስልክ ጠፋ። ማንም ምንም ሳያይ ደረጃው ላይ ተረቷ ተባለች፤ ልጁም እየወረደ ነበርና ሰማት። ስልኩ በማግሥቱ ሶፋ ሥር ተገኘ። ስልኩ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ተረቷን መልሶ የወሰደ ግን የለም። ልጁ አሁን ደረጃውን ሲወርድ ቀና ብሎ ሰው አያይም።

የተረቱ ጥፋት እዚህ ላይ ይታያል። የድመቷን ባሕርይ «አመል» ብለን እንወቅሳታለን። የሰውን አመል፣ ሊተወው የሚችለውን፣ ምናልባትም ድሮ የተወውን፣ ባሕርይ አድርገን እንለጥፍበታለን። ሁለቱንም ገልብጠን ነው የያዝነው።

«ታዲያ በሩን ክፈቺላት» ትሉኝ ይሆናል። አልከፍትም። ውጪ መኪና አለ፣ ውሻ አለ፣ ለአይጥ የተጣለ መርዝ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። በየዓመቱ ትከተባለች፣ በሩም ይዘጋል። ግን በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። ተረቱ ውስጥ የጠፋው ገጸ ባሕርይ ይኸው ነው፦ ቆቡን የደፋባት ሰው። በር የዘጋ ሰው ዕዳ አለበት፤ የልብ ሥጋው፣ ሰጋቱራው፣ የመስኮቱ ወንበር፣ ማታ ማታ በገመድ ጫፍ ታስሮ የሚጎተተው የጨርቅ አይጥ፣ ሁሉም የዕዳው ክፍያ ነው።

ተረቱ ይጣል አልልም። በገዛ አፉ ምሎ፣ በገዛ እጁ ካባ ደርቦ የሚሰርቅ ሹም ሲገኝ ይነገርበት፤ ልኩ እዚያ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ደረጃ ላይ ከመጣሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይቅደመው፦ ማን አመነኮሳት? አትረሳም የምንላትስ አመሏን ነው ወይስ እኛ የማንረሳላትን?